አባ ወልደ ሩፋኤልና «ሰውየው»

አባ ወልደ ሩፋኤል ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ነበር? ካረፉ ወዲህ ይህን ጥያቄ ይዤ እዞራለሁ። ያውቁ ነበር ስል ፊቴ ይግላል። አያውቁም ነበር ስል ደግሞ ይብስብኛል።

ማረፋቸውን የነገረችኝ ጓደኛዬ አልማዝ ናት። እዚህ ሮም፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ፣ ኮረሪማ ከምንገዛበት ቤንጋላዊ ፊት ተሰልፈን ሳለ፣ «ስሚ እንጂ፣ አባ እኮ አረፉ» አለችኝ። ካህናት በሚጦሩበት ቤት ውስጥ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ በዚያው ቀሩ። «ከማንም ሳይጣሉ መሞታቸው ነው የገረመኝ» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔ አላለቀስኩም። ተራዬ ደርሶ ባለ ሱቁ «ሲኞራ፣ ምን ልስጥሽ?» ሲለኝ ግን፣ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠፋኝ።

አባ ወልደ ሩፋኤል የካቶሊክ ካህን ነበሩ። ገና በወጣትነታቸው ለትምህርት ሮም መጥተው በዚያው ያረጁ፣ ጥቁር ቆብ የማይለያቸው፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የደሴ ልጅ። ደርግ በወደቀ ማግሥት ነው የመጣሁት። እንደ አብዛኞቻችን «ፊሳ» ነበርኩ፤ አሠሪዎቼ ቤት እያደርኩ አንዲት አሮጊት እጠብቅ ነበር። ለእኛ እረፍት ማለት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሐሙስ ሲሆን በየቤቱ የምታገለግለው ሐበሻ ሴት ሁሉ በትራም፣ በሜትሮ፣ በእግሯ ፒያሳ ቪቶሪዮ ወዳለበት ወደ ኤስኲሊኖ ሰፈር ትወርዳለች። ገሚሷ ገበያ፣ ገሚሷ ወሬ። አባ ደግሞ ከአደባባዩ ጀርባ ባለች የሰበካ አዳራሽ ውስጥ፣ ለኢጣልያ የመካከለኛ ደረጃ ፈተና የሚዘጋጁ ሴቶችን ያስተምሩ ነበር። እኔ አገሬ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ሠላሳ ሊሞላኝ ሲል እንደገና ደብተር ገዛሁ።

የመጀመሪያ ቀን ወረቀት አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው፣ የሚያሸቱት ይመስል፣ ስሜን ፈለጉ።

«አሰለፈች ማለት አንቺ ነሽ? ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም፣ አባ።»

«ምንም የማያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር አጣሞ ያውቃል። አንቺ አጣመሽ የምታውቂው ምንድን ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አፈርኩ፣ ግን በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሼ ሄድኩ።

«ይባላል» የሚለውን ቃል ይጠሉት ነበር። አንዳችን «እንዲህ ይባላል» ካልን ጠረጴዛውን በመሐል ጣታቸው አንጓ ቋ ያደርጉና «ይባላል ማነው? አባቱስ ማን ነው? አድራሻውን ስጪኝ!» ይላሉ። ያላየነውን አይተናል፣ ያልሰማነውን ሰምተናል ስንል ቀጥተው ያስለቅሱናል። አኩራፊም ነበሩ። አንድ ጊዜ አልማዝ የሳሉትን ካርታ ተገልብጦ ነው ብላ ብታርማቸው፣ ወሩን ሙሉ በስሟ አልጠሯትም፤ «ወይዘሮ ኮምፓስ» ነበር የሚሏት። ብርቱካን ሲልጡ ልጣጩ ከተበጠሰባቸው ያዝናሉ፤ ሳይበጠስ ከወጣ ደግሞ ከፍ አድርገው አሳይተውን ጭብጨባ ይጠብቃሉ።

እና «ሰውየው» ነበር።

ሰውየው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ የሮማ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ ያለችውን ቅዱስ እስጢፋኖስን ለሐበሻ መነኮሳት የሰጠ እሱ ነው። ዓለም አንጋጦ የሚያየውን ጸሎት ቤትም ያሠራው እሱ፤ ጸሎት ቤቱም፣ በወንዙ ላይ ያለው አንድ ድልድይም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። አባ ግን በስሙ ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። የሚጨቀጭቃቸው አከራይ ይመስል «ሰውየው» ይሉታል። የሕይወት ታሪኩን በአማርኛ ሲጽፉ ኖረዋል። ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ።

አንድ እሑድ ክፍሉን በሙሉ ይዘውን ወደዚያ ድልድይ ወረዱ። የድንጋዩን መከታ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «ምዕመናን በሌላው ድልድይ ላይ ተጋፍተው ስላለቁ ነው ይሄን ያሠራው» አሉን።

«ደግ ሰው ነበራ፣ አባ» አለች አልማዝ።

«ድልድዩ ደግ ነው።»

«ሰውየውስ?»

«ሰውየው የወንድሙንና የእህቱን ልጆች ሰብስቦ ካርዲናል አደረጋቸው። ጢማቸው በቅጡ ያልወጣውን ሳይቀር።»

«ውይ፣ ይሄማ የእኛ አገር ሰው ነው! እኛ ጋም አንዱ ቢሮ ከገባ ዘበኛው ሳይቀር የአክስቱ ልጅ ነው።»

አባ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አቃታቸው። ከሳቁ በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩና በፍሎሬንስ የሆነውን ነገሩን። ከዘመዶቹ አንዱ ያለበት ቡድን አሢሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ቅዳሴ ላይ ሰው ገደለ። ሰውየው ሴራውን ሰምቷል፤ ገዢዎቹ ይውረዱ እንጂ ደም አይፍሰስ ብሏል ይላሉ። «ደም ሳይፈስ እንደማይሆን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ነበር? ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ነው የምፈልገው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አሰለፈች፣ ድልድዩንም ደሙንም። ሁለቱንም ጻፊ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ከትምህርት በኋላ እሳቸው እየተናገሩ የምጽፍላቸው እኔ ሆኜ ነበር። ለምን እኔን እንደመረጡ በሴቶቹ ሁሉ ፊት ተናግረዋል፦ «አሰለፈች ያልሆነውን ሆነ አትልም። እዚህ ክፍል ውስጥ ውሸት የማትችል እሷ ብቻ ናት።» ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ ያለ ምስጋና ደርሶኝ አያውቅም። ለብዙ ጊዜ በልቤ ይዤው ዞሬያለሁ፤ አሠሪዬ ቤት ወለል ስወለውል እንኳ።

የእኛ ሰዎች መጽሐፉን አልወደዱላቸውም። በቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው የማኅበራችን ሽማግሌ ጋሽ በቀለ በሰው ፊት ተናገሯቸው።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህቺን ቤት የሰጠን ሰው ነው። ገመናውን ማውጣት ወጪት ሰባሪነት አይሆንም?»

«ጋሽ በቀለ፣ እኔ ወጪቱን ላጥበው ነው። መስበሩን ለእናንተ ትቻለሁ» አሉና ቆባቸውን ደፍተው ወጡ። ጋሽ በቀለ ለሁለት ፋሲካ አላነጋገሯቸውም።

አባ ራሳቸውም ቢሆኑ ሁለቱንም ነበሩ፤ ድልድዩንም ደሙንም። የወንድማቸው ልጅ ከአገር መጥቶ፣ በካህናት ኮሌጅ ውስጥ የዘበኛ ቦታ ሲከፈት አንድ ቃል እንዲናገሩለት ለምኗቸው ነበር። አንድ ቃል ብቻ። «የወንድሜ ልጅ ስለሆንክ ለአንተ አፌን አልከፍትም» አሉት። ክረምቱን ባቡር ጣቢያ አካባቢ አደረ፤ ሳንባውን ታመመ። ያስጠጉት አልማዝና ጓደኞቿ ናቸው። በኋላ ልጁ ወደ ሰሜን አገር ሄደ፣ ደውሎላቸውም አያውቅም። አንድ ሐሙስ ስለ ሰውየው ሹመት እያስጻፉኝ ድንገት አቆሙና፣ «እሱ ዘመዶቹን አብዝቶ ወደደ። እኔ ከእሱ ላለመምሰል ብዬ ልጁን አስበረድኩት። ከሁለታችን ማን ይብሳል?» አሉ። «ይሄን አትጻፊው» አሉኝ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «አይ፣ ጻፊው። የሚሆንበትን ቦታ እፈልጋለሁ።» ቦታ ሳያገኙለት ቀሩ። ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኩት።

አሁን ወደማልወደው ነገር እመጣለሁ።

ደሴ ውስጥ ሰብለ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችኝ። ለአልማዝም፣ ለማርያም ማኅበራችንም፣ ለአሠሪዎቼም፣ ለአባም እንዲህ ነው ያልኩት። ሰብለ ራሷም የምታውቀው ይህንኑ ነበር፤ «እታለም» ነበር የምትለኝ። ሰብለን የወለድኳት እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አባቷ ስሙን ልጠራው የማልፈልገው ሰው ነው። እናቴ ወገቧን በመቀነት አስራ «ያረገዝኩት እኔ ነኝ» አለች፤ እኔን ገጠር አክስቴ ዘንድ ላከችኝ። ስመለስ ሕፃኗ የእናቴ ልጅ ሆና ቀበሌ ተመዝግባለች። በእኛ ሰፈር ይህን ያደረገች እናቴ የመጀመሪያዋ አልነበረችም። ሰውም የሚያውቀውን እንዳላወቀ ይሆንልሃል፤ ገመና መሸፈን ነው።

እናቴ ስትሞት ሰብለ ዐሥራ ሰባት ልትደፍን ትንሽ ቀርቷት ነበር። ብቻዋን ቀረች። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሁለት ዓመት ነበር፣ ደመወዜም ይበቃል፣ የተከራየሁት ክፍልም ነበረኝ። ሌሎች ሴቶች ልጆቻቸውን ሲያስመጡ አይቻለሁ። አባን ለመንኳቸው፤ ወረቀቴን ይዘው አብረውኝ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሄዱ።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ክፉ አልነበረችም። ወረቀቱን አገላብጣ አየች።

«ሶሬላ?» አለች። «ኖ፣ ሲኞራ። ባል ይመጣል። ዐሥራ ስምንት ያልሞላው ልጅ ይመጣል። እህት አትመጣም።»

የገባኝ ቢሆንም አባ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሱልኝ። ሴትዮዋ ደግሞ አዘነችና ጨመረች፦ «ልጅሽ ብትሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ወረቀቱ ቢሳሳት እንኳ ዛሬ በደም ምርመራ ይረጋገጣል።»

አባ ይህንንም ተረጎሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ሲያዩኝ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ጎን ነበር፤ ያን ቀን ግን ፊት ለፊት ያዩኝ መሰለኝ።

«ሌላ የምትነግሪያት ነገር አለ?» አሉኝ።

ሴትዮዋ ትጠብቃለች። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። አባ ወረቀቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እናቴ ሞታለች፤ የምፈራው ቁጣዋን አልነበረም። የማኅበሩን ወሬም ቢሆን እችለው ነበር። ያልቻልኩት አንድ ነገር ነው፦ ውሸት የማትችል ያሉኝ ሰው፣ ያን ሁሉ ሐሙስ ፊታቸው ተቀምጬ ስዋሽ እንደኖርኩ ሊያውቁ ነው። በልጄ ቪዛና በአንድ ሽማግሌ ምስጋና መካከል ቆሜ ምስጋናውን መረጥኩ።

«የለም፣ አባ» አልኩ።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝ።

በትራም ተመለስን። ሊወርዱ ሲሉ፣ «አሎራ፣ ሐሙስ እንዳትቀሪ» አሉኝ።

አልቀረሁም። ሌሎቹ ሲሄዱ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ፤ ብርቱካንም አላወጡም።

«ጻፊ» አሉኝ። «የወንድሜ ልጆች፣ የእህቴ ልጆች ብሎ ከሾማቸው ውስጥ ከአብራኩ የወጡ አሉ እያሉ ሐሜተኞች አምተውታል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ስለማላውቅ አልፈርድም። አራት ነጥብ። ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ።»

«ቀጥዪ። እውነት ከሆነ ግን የማዝንበት መውለዱ አይደለም። ቀይ ቆብ ሰጣቸው፣ ቤተ መንግሥት ሰጣቸው፣ ከተማ ሰጣቸው። አንዲት ቃል ከለከላቸው።»

እጄ ቆመ። «የትኛዋን ቃል፣ አባ?»

«የምታውቂውን ነው የምትጠይቂኝ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ይህን ነው ከአእምሮዬ ላወጣው ያልቻልኩት። ያለወትሯቸው በለሰለሰ ድምፅ ነው ያሉኝ። «ጻፊያት።»

ጻፍኳት። «ልጄ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው፤ ያቺ ቃል ግን ከመስመሯ ወርዳ ነበር። አባ ወረቀቱን ተቀብለው አፍንጫቸው ላይ አስጠጉት፤ እንደተለመደው ያዩትም አሸተቱትም ለማለት ያስቸግራል። «ይበቃናል ለዛሬ» አሉ።

ለእኔ ብለው አስጻፉት? ወይስ ስለ ሰውየው ለዘመናት ያሰቡትን ነበር? አላውቅም። ማለት የምችለው ከዚያም በኋላ ጊዜ እንደነበረኝ ነው። ሰብለ ዐሥራ ስምንት እስክትሞላ ብዙ ሐሙሶች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ አባ ፊት ተቀመጥኩ፤ በእያንዳንዱ ያሉኝን ጻፍኩ፤ በአንዱም እውነቱን አልተናገርኩም። ልደቷ አለፈ። በዓመቱ ቤይሩት ለሰው ቤት ሥራ ሄደች። ያሳለፈችውን በደንብ አልነገረችኝም። ሆዷ ገፍቶ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትይዝ ነው ደሴ የተመለሰችው። እኔ ሮም ውስጥ የሰው እናት እያጠብኩ፣ እያጎረስኩ።

አባ ወደ መጦሪያው ቤት ከገቡ በኋላ እሑድ እሑድ እየሄድኩ አነብላቸው ነበር። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። የሚያዩኝ ስላልሆነ ይቀለኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ አልቀለለኝም። በመጨረሻው እሑድ ገና ገብቼ ወንበር ስስብ፣ «እህትሽ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት፣ አባ። ወንድ ልጅ ወልዳለች።»

«ወንድ ልጅ» አሉ። «ማን ይባላል?»

ነገርኳቸው። ስሙን ደጋግመው ለራሳቸው አሉት። ከዚያ፣ «አንብቢ» አሉኝ። አነበብኩ።

ጸሎተ ፍትሐቱ በቅዱስ እስጢፋኖስ ነበር። የቫቲካን በር ጠባቂዎች ስማችንን እያዩ አስገቡን። ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም፣ ያስተማሯቸውም ያስለቀሷቸውም መጥተው ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ጋሽ በቀለ ተነሡና ድምፃቸው እየተሰበረ ተናገሩ፤ ታርቀዋቸው ነበር። «አባታችን ገመና ሸፋኝ ነበሩ» አሉ። «የሰው ነውር በአፋቸው አይወጣም ነበር።»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። አልማዝ ወደ እኔ ዞራ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ ሳቋን ልትይዝ እየታገለች ነበር። ከዚያ ጋሽ በቀለ «ወይዘሮ አሰለፈች፣ አንቺ የቅርብ ተማሪያቸው ነሽና አንድ ቃል በይ» አሉኝ። ተነሣሁ። እንደዚያ አልነበሩም፣ ቁጡ ነበሩ፣ የወንድማቸውን ልጅ ለብርድ ትተውታል፣ በዚያም ሌሊት ሌሊት ይሠቃዩ ነበር፣ ሁለቱንም ነበሩ ልል ነበር። የወጣኝ፣ «ጋሽ በቀለ እንዳሉት ነው» የሚል ነው። ተቀመጥኩ። በቀብራቸው ቀን እንኳ ዋሸሁ።

ዝክሩን ሳልቀምስ ወጣሁ። ኤስኲሊኖ ደርሼ፣ ለአገር ከምንደውልበት ስልክ ቤት ገባሁ። ገና ከሰዓት ነበር። ባለ ሱቁ በመስታወት ከተከለሉት ሣጥኖች ወደ አንዱ ጠቆመኝ።

«እታለም!» አለች ሰብለ። «ምነው ዛሬ? እሑድ አይደለም። ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። የምነግርሽ ነገር አለ።»

በጎን ባለው ሣጥን ውስጥ ነጠላ ያጣፋች፣ የማላውቃት ሐበሻ ሴት ታወራለች። ጀርባዬን ሰጠኋት። እጄን አፌ ላይ ጋርጄ ነገርኳት።

«ምን አልሽ? አይሰማም።»

ደገምኩት።

«እታለም፣ መስመሩ ነው መሰለኝ። ጮክ በይ!»

ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። ልናገር ቆርጬ መጥቼ እንኳ፣ ለማላውቃት ሴት ብዬ በልጄ ጆሮ እያንሾካሾክሁ ነበር።

«የወለድኩሽ እኔ ነኝ!» አልኩ። «ሰብለ፣ ልጄ ነሽ! እኔ ነኝ የወለድኩሽ!»

ድምፄ በመስታወቱ ውስጥ ተመልሶ ጆሮዬን መታው። የጎኔ ሴት ማውራቷን አቆመች።

ከሰብለ በኩል ሕፃኑ ሲነጫነጭ ይሰማኛል።

«እማዬን የቀበርኳት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ብቻዬን።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ በስልክ "እናታችን፣ እናታችን" እያልሽ አለቀስሽ። እኔ ነኝ ያባበልኩሽ።»

«አዎ።»

«እሷን ልትወስጂብኝ ነው የደወልሽው?»

«አይደለም።»

«እሺ።» ትንፋሿ ቅርብ ነበር። «ልጁ ተነሥቶብኛል። ነገ ደውዪ። ብዙ የምጠይቅሽ አለ፤ እንዳትዋሺኝ።»

ስልኩን ሰቀልኩ። ከሣጥኑ ስወጣ ሴትየዋ የስልኩን እጀታ ደረቷ ላይ ይዛ ታየኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ነበር። ቀና ብዬ «እንደምን ዋልሽ» አልኳት።